ስልኩ ላይ የማያልቅ ጉዳይ፦ ትንሹ ስክሪንና የድረ ገጽ ንድፍ ከሽንዲ ሲታይ

በሽንዲ ኢንተርኔት ማለት ስልክ ነው። የወምበርማ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በቆሎ፣ በርበሬና ድንች አምራች ቀበሌዎች ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ባለ ንክኪ ስልክ ግን በተማሪውም፣ በነጋዴውም፣ በግብርና ባለሙያውም እጅ ይገኛል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚታየው፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚጠበቀው፣ የፓስፖርት ማመልከቻ የሚሞላው፣ የሥራ ማስታወቂያ የሚነበበው መዳፍ በምታህል መስታወት ላይ ነው። ድረ ገጽ ሠሪዎች «ሥራችን ለስልክ ይስማማል» ማለት ከጀመሩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ታዲያ ያው ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ኮምፒውተር ፍለጋ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ድረስ የሚሳፈረው ለምንድን ነው?

ገጹን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ማስማማትና ጉዳዩ ስልክ ላይ እንዲያልቅ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው በመጠኑ ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ተረስቷል። ምሬቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አመጣጡን ባጭሩ እንይ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎንን ሲያወጣ ድረ ገጾች የሚሠሩት ለኮምፒውተር ነበር። ስለዚህ ስልኩ አንዱን ገጽ 980 ፒክሰል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ይስለውና አሳንሶ ያሳየዋል፤ አንባቢው በሁለት ጣቱ እየለጠጠ የሚፈልገውን ያድናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 አሜሪካዊው ንድፍ ሠሪ ኢታን ማርኮት «ሪስፖንሲቭ» ያለውን መንገድ አቀረበ። ሐሳቡ ሦስት ነገር ያጣምራል፦ በመቶኛ የሚለካ መደብ፣ ከመደቡ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ ምስል፣ የስክሪኑን ስፋት እያየ አቀማመጡን የሚለውጥ ትእዛዝ። አንድ ገጽ ለሁሉም ስክሪን ይበቃል ማለት ነው። በዓመቱ የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ድረ ገጹን በዚህ መንገድ ሠራ። ጎግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ለስልክ የማይመቹ ገጾችን በስልክ ፍለጋ ወደ ኋላ መግፋት ሲጀምር፣ ያመነበትም ያላመነበትም ተከተለ።

በመሐል አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ለእኛ አገር ጉዳይ ቁልፉ ያለው እዚያ ውስጥ ይመስለኛል። የአጠቃቀም ጥናት አዋቂው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ለስልክ የተለየና ይዘቱ የተቀነሰ ገጽ መሥራት ይሻላል አለ። ብዙ ንድፍ ሠሪዎች ተቃወሙት፤ ስልክ የያዘ ሰው ግማሽ ነገር የሚሰጠው ለምንድን ነው አሉ። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ስልኩ ላይ ያጣውን ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል፤ የሽንዲው ተማሪ ግን ስልኩ ላይ ያጣውን ሌላ ከተማ ድረስ ካልተሳፈረ አያገኘውም። የሚያሳዝነው፣ ኒልሰን በክርክር ቢሸነፍም በተግባር ያሸነፈ መምሰሉ ነው። ገጹ አንድ ነው ይባላል፤ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን የሠንጠረዡ ሦስት ዓምድ ጠፍቷል፣ «ያግኙን» የሚለው የለም፣ ዝርዝሩ ሁሉ በሦስት መስመር ምልክት ጀርባ ተሸሽጓል። የኒልሰን ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት የተሸሸገ ዝርዝር ሰዎች የሚፈልጉትን የማግኘት ዕድላቸውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ወጣቶች ብሮውዘራቸው ውስጥ ገብተው «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለውን ምልክት ያደርጋሉ፤ ወደ 2007ቱ የመለጠጥና የማደን ዘመን በፈቃዳቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት የተስማማላቸው ገጽ ግማሽ መሆኑን ስለደረሱበት ነው። የሽማግሌን ጋቢ አጥፎ ለሕፃን ማልበስ ይቻላል፤ የሕፃን ልብስ ተሰፋ ግን አይባልም።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ሪስፖንሲቭ የተባለው ጥበብ ሁሉ የታሰበው በላቲን ፊደል ነውና።

በርካሽ ስልኮች ላይ የተለመደው የገጽ ስፋት 360 ፒክሰል ነው፤ አንዳንዱ 320 ነው። በዚህ ስፋት በተለመደው የ16 ፒክሰል መጠን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመስመር 45 ፊደል ገደማ ይይዛል። የግእዝ ፊደል ወርዱ ሰፊ በመሆኑ በዚያው መስመር ከ25 እስከ 30 ቢገባለት ነው፤ አራት ወይም አምስት ቃል። ርእስ ሲሆን መጠኑ እጥፍ ይደረጋልና አንድ መስመር 13 ፊደል ገደማ ብቻ ይቀረዋል። አማርኛ ደግሞ በአንድ ግስ ላይ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውን አከማችቶ የሚናገር ቋንቋ ነው፤ «እንዳልተመዘገበላቸው» 12 ፊደል ነው። ይህን ቃል በርእስ መጠን ስልክ ላይ አስቀምጡት፤ መስመሩን ብቻውን ይይዘዋል፣ አንድ ምዕላድ ቢጨመርበት ከስክሪኑ ጠርዝ ያልፋል። ገጹ ወደ ጎን መንሸራተት የሚጀምረው፣ አንባቢው የእያንዳንዱን መስመር ጫፍ ለማየት በጣቱ ወዲያና ወዲህ የሚገፋው በዚህ ጊዜ ነው። በሁለቱም ጠርዝ እኩል እንዲሰለፍ የታዘዘ ጽሑፍ ሲሆን ይብሳል፤ በአራት ቃላት መካከል የሚተርፈው ባዶ ቦታ ሰፍቶ ዓይንን ያሰናክላል። ለጋዜጣ ዓምድ ያማረው አሰላለፍ ለስልክ አይሆንም።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ችግር አያውቁትም ነበር። ገጹን በሁለት ወይም በሦስት ጠባብ ዓምድ ከፍለው ሲጽፉ ቃሉ መስመሩ ላይ ካልሞላላቸው የትኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ወደ ሚቀጥለው መስመር ያወርዱታል፤ የቃሉ መጨረሻ በሁለት ነጥብ ስለሚታወቅ አንባቢ አይሳሳትም። ከታይፕራይተሩና ከኮምፒውተሩ ጋር ሁለት ነጥቡ ቀርቶ ባዶ ቦታ ሲተካ ያ ነፃነት አብሮ ሄደ። ዛሬ ብሮውዘሮች ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው የአማርኛን መስመር የሚሰብሩት ባዶ ቦታ ወይም ሁለት ነጥብ ያለበት ላይ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የድር ደረጃ አውጪ ማኅበር የግእዝ ጽሑፍ አሰላለፍን የሚመለከት ሰነድ አለው፤ የብራናው ልማድም እዚያ ውስጥ ተመዝግቧል። እኛ ዘንድ ድረ ገጽ የሚያዝዝ መሥሪያ ቤት ግን ይህን ሰነድ ጠቅሶ ሲያዝዝ አላየሁም። ጠባብ ዓምድ ላይ አሳምሮ መጻፍን ከማንም ቀድሞ ያወቀ ሕዝብ ጠባብ ስክሪን ላይ መቸገሩ ያንገበግበኛል።

የፊደሉ መጠንም አለ። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው፤ አንዷ መሐል፣ አንዷ ግርጌ። ላቲኑ በ10 ወይም በ11 ፒክሰል ሊነበብ ይችላል፤ የእኛው በዚያ መጠን ጭረቱ ከእግሩ ጋር ይዋሐዳል። በዚያ ላይ ደብዛዛ ግራጫ ቀለም ነጭ መደብ ላይ ይደረጋል። ንድፍ ሠሪው ጥላ ውስጥ ባለ ሰፊ ስክሪን ላይ አይቶ ወዶታል፤ ገበሬው የሚያነበው በጠራራ ፀሐይ ነው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ በጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ የ4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ያ ሁሉ ሆኖ ገጹን ለጥጦ ማንበብም የተከለከለበት አለ፤ ሠሪው «አቀማመጤ ይበላሻል» ብሎ ማጉላትን ይዘጋዋል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስልኮቹ ይህን ክልከላ እንዳይሰሙ አድርጓል፤ በእኛ አገር በብዛት የተያዘው ግን አፕል አይደለም። መነጽር የሌለው የ50 ዓመት አባት ላይ ማጉያን መዝጋት በደል ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ጣትም አለ። በየራሳቸው መለኪያ አፕል የሚነካ ቁልፍ ቢያንስ 44፣ አንድሮይድ 48 እንዲሆን ይመክራሉ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው የተደራሽነት መመሪያ ከ24 ፒክሰል በታች አይሁን ይላል። ሞፈርና ዶማ ሲይዝ የኖረ የደነደነ ጣትን ስክሪኑ በደንብ አይሰማውም። ተደራርበው የተጠጋጉ ሊንኮች ላይ «ስነካው ሌላ ይከፍትብኛል» የሚለው ምሬት ከዚህ ይመጣል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ገጹ ላይ የተሰቀለው ሰነድ ነው። ሪስፖንሲቭ የተባለው ድረ ገጽ በትክክል ይከፈታል፤ ማስታወቂያው ራሱ ግን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ የተሰቀለ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የኤ4 ወረቀት ወርድ 210 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስልኩ ስክሪን ወርድ 70 ቢሞላ ነው። ወረቀቱ ወደ ሲሶው ይጠባል፤ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል 4 ነጥብ ይሆናል። ማንም አያነበውም። ስለዚህ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ የመስመሩ ግማሽ ይወጣል። የስም ዝርዝር ሲሆን ደግሞ ሥቃዩ ሌላ ነው፤ በመቶዎች ስም፣ በብዙ ዓምድ፣ ስሙን በግራ አግኝቶ ውጤቱን በቀኝ ለማየት ሲገፋ ረድፉ ይጠፋበታል። የሌላውን ሰው ነጥብ የራሱ አድርጎ አንብቦ የተደሰተም ያለቀሰም ይኖራል።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ማኅተምና ፊርማ የሌለው ማስታወቂያ እኛ ዘንድ አይታመንም፤ ሐሰተኛ ማስታወቂያ በሚበዛበት ጊዜም አለመታመኑ ትክክል ነው። ሁለተኛው ምክንያት የቆየ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቶች እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ባሉ የየራሳቸው ኮድ ባላቸው ፊደሎች ይጽፉ ነበር። ያ ጽሑፍ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ አትሞ ስካን ማድረግ አስተማማኙ መንገድ ሆነ። ችግሩ ካለፈ በኋላም ልማዱ ዘለቀ። መፍትሔውም ከባድ አይደለም፦ ባለ ማኅተሙ ምስል ይቀመጥ፣ ከሥሩ ግን ቃል በቃል በጽሑፍ ይደገም። ጽሑፉ ከስክሪኑ ጋር ይጠባል፣ ይፈለጋል፣ ዓይነ ስውር ለሆነ ሰውም በስልኩ ይነበብለታል።

ቅጽ መሙላት ሌላው ትልቅ እንቅፋት ነው። ብዙ ሰው በስልኩ ጀምሮ ኮምፒውተር ቤት የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። ሂደቱን በዝርዝር ላስቀምጠው፤ ዝርዝሩን ያላየ ችግሩ የተጠቃሚው «አለማወቅ» ይመስለዋልና። የትውልድ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጠየቃል፤ ባለጉዳዩ የሚያውቀው በእኛ ነው። ስልክ ቁጥሩ በ09 ብቻ እንዲጀምር ከተገደበ የሳፋሪኮም 07 ቁጥር የያዘ ሰው አይገባም። የፎቶ መጠን ከ1 ሜጋባይት አይብለጥ ይላል፤ ስልኩ የሚያነሣው ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል፣ ባለጉዳዩም ማሳነሻውን አያውቅም። የፊደል ሰሌዳው ሲወጣ የስክሪኑን ግማሽ ሸፍኖ የሚጻፍበትን ሳጥን ይደብቀዋል። በመጨረሻ የማረጋገጫ ቁጥር በመልእክት ይላካል። የማስታወስ አቅሙ 1 ወይም 2 ጊጋባይት የሆነ ስልክ ባለቤቱ መልእክቱን ሊያይ ሲወጣ ብሮውዘሩን ይዘጋዋል፤ ሲመለስ ገጹ እንደ አዲስ ይከፈታል፣ የሞላው ሁሉ ጠፍቷል። ጎግል እንዲህ ላሉ አነስተኛ ስልኮች እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሮይድ ጎ የተባለውን ቀላል ሥሪት ማዘጋጀቱ ችግሩ የዓለም መሆኑን ያሳያል። የቅጹ ሠሪ የተሞላውን በየደረጃው ቢያስቀምጥ፣ ቁጥሩን ሳይወጡ እንዲያዩት ቢያደርግ አብዛኛው ይቀል ነበር። እንዲያ ባለመሆኑ ሰውየው ኮምፒውተር ቤት ይሄዳል፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ይባላል፤ የመኪናውን ዋጋ፣ የቅጽ ሞይውን ዋጋ፣ የቀኑን ሥራ ሦስቱንም ይከፍላል። በዚያ ላይ የይለፍ ቃሉንና የመታወቂያውን ቅጂ በማያውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ትቶ ይመጣል።

የገጹ ክብደትም ቀላል አይደለም። ይህን ጽሑፍ የሚያህል የአማርኛ ንባብ፣ አንዱ ፊደል 3 ባይት ቢወስድም፣ 30 ኪሎባይት ገደማ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተለመደው የስልክ ድረ ገጽ ግን ከ2 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል። ከንባቡ ሌላ ያለው ትልቅ ፎቶ፣ ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ፣ የመከታተያ ኮድና የፊደል ፋይል ነው፤ የግእዝ ፊደል ፋይል ብቻውን በመቶዎች ኪሎባይት ሊሆን ይችላል። ሪስፖንሲቭ ገጽ ፎቶውን በስልክ ላይ አሳንሶ ቢያሳይም፣ ካልታሰበበት የሚያወርደው ለኮምፒውተር የተዘጋጀውን ትልቁን ነው፤ ባለስልኩ ላላየው ይከፍላል። ኔትዎርክ ደካማ በሆነባት ቀበሌ ነጯ ክብ ትሽከረከራለች፣ ዳታው ያልቃል፣ ገጹ ግን አልተከፈተም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱንም ማንሣት ይገባል። ለዚያ የሚሆን የንድፍ መድኃኒት የለም፤ ግንኙነቱ ሲመለስ ሰው በያዘው አጭር ዕድል ውስጥ ጉዳዩን እንዲጨርስ ማድረግ ግን የንድፍ ሥራ ነው።

ሰዉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በኦፔራ ሚኒ ዘመን ገጹን በሩቅ ሰርቨር አጭቆ በአንድ ዓምድ የሚያመጣ ብሮውዘር መርጦ ነበር፤ ዛሬ በብዛት ወደ ቴሌግራም ሄዷል። ምርጫው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ቴሌግራም አማርኛውን በሚነበብ መጠን ያሳያል፣ የተቋረጠ ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዴ የወረደ ያለ ኔትዎርክ ይከፈታል፣ ያቆሙበት ቦታ ይጠብቃል። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የ12ኛ ክፍል ውጤትን ከድረ ገጹ ሌላ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት መስጠቱ ብልህነት ነው፤ የመለያ ቁጥሩን ልኮ ውጤቱን በጽሑፍ መቀበል ለትንሽ ስክሪን የተፈጠረ አሠራር ነው። ጉዳቱ የቴሌግራም ማስታወቂያ በሌላ መልእክት ተቀብሮ መጥፋቱ፣ በተመሳሳይ ስም የተከፈተ ሐሰተኛ ቻናልም ከእውነተኛው ጋር መምታታቱ ነው። የመንግሥት ማስታወቂያ ቋሚ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ ያ ቦታ ድረ ገጹ ነው።

የቁልፍ ስልክ አገልግሎቶች ደግሞ ለንድፍ ሠሪ ትምህርት ቤት ናቸው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር መተግበሪያ ቢኖረውም በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በዚህ መንገድ አንድ መልእክት በላቲን 182፣ በግእዝ 80 ፊደል ብቻ ይይዛል። ጥበቱ ሠሪውን አስገድዶታል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ፣ ጥቂት ምርጫ፣ በመጨረሻ ማረጋገጫ። እ.ኤ.አ. በ2014 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ከዚህም አልፏል፤ ገበሬው ደውሎ ምክሩን በቋንቋው ይሰማል፣ ማንበብ እንኳ አይጠበቅበትም። እነዚህ አገልግሎቶች ያማረ ስክሪን ሳያስፈልጋቸው የባለጉዳዩን መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስበዋል። ድረ ገጾቻችን የጎደላቸው ይኸው ነው።

«ለሁሉም አፕ ይሠራለት» የሚሉም አሉ። በዓመት አንዴ ለሚታይ ውጤት የስልኩን ጠባብ ማከማቻ የሚይዝ፣ በየጊዜው አድሱኝ የሚል መተግበሪያ ማስጫን ሸክም ነው። በየቀኑ ለሚሠራ ባንክ ይሁን፤ ለማስታወቂያና ለቅጽ ቀላል ገጽ ይበልጣል።

ታዲያ የት እንጀምር? እኔ ጨረታው ላይ እላለሁ። መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲያሠራ በጨረታ ሰነዱ ላይ «ሪስፖንሲቭ ይሁን» ብሎ ያልፋል፤ ርክክቡ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር ይካሄዳል፤ ሠሪው የብሮውዘሩን መስኮት አጥብቦ ያሳያል፣ ይጨበጨባል። በዚያ ቦታ ሌላ ዓይነት ርክክብ ይጻፍ። ገጹ በ320 ፒክሰል ስፋት ወደ ጎን ሳይንሸራተት ይነበብ፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መመሪያ ያለ መለኪያ ነው። ማጉያ አይዘጋ። ዋናው ጽሑፍ ከፎቶው በፊት ይምጣ፤ የገጹ ክብደትም በኪሎባይት ተወስኖ በውሉ ላይ ይስፈር። በፒዲኤፍ የተሰቀለ ሁሉ በጽሑፍ ይደገም። ቅጹ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥል፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ይቀበል። ፈታኞቹም የሠሪው ባልደረቦች አይሁኑ። በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ የሚማሩ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ከየቤታቸው የያዙትን ስልክ ይዘው፣ በራሳቸው ዳታ ሳይሆን በሠሪው ወጪ፣ አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሞክሩ። የት ላይ እንደቆሙ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ጉዳዩ በአነስተኛው ስልክ ማለቁ ሲረጋገጥ ይሁን።